ምዕራፍ ሰባት፦ ወንበሩ ከአልጋው ጎን ነው

የእህቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት ማታ ደወለችልኝ። ሰላምታም አላስቀደመች። «አክስቴ፣ 327!» አለች። ከ600 ነው፤ ግማሹን አልፋለች ማለት ነው። እልልታዬን ሳልጨርስ «ነርስ ነው የምሆነው፤ የት ልማር?» ብላ አስከተለች።

በማግስቱ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች ባንዱ ተቀመጥን። ከደብተሯ የገነጠለችውን ወረቀት ዘረጋችልኝ። ሦስት ረድፍ አለው፤ ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የግል ኮሌጅ። በየረድፉ ፊት ክፍያው፣ የሚፈጀው ዓመት፣ ከቤት ያለው ርቀት፣ የምግቡ ነገር ሳይቀር ተጽፏል። ልጅቷ ጎበዝ ናት። አነበብኩና «አንድ ነገር ጎድሏል» አልኳት።

«ምን?»

«በሽተኛ።»

ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም፤ ይህን ምዕራፍ ያስጻፈኝም ያ ሳቅ ነው።

ባለፈው ምዕራፍ የሕክምናውን ሰንሰለት ከታች ወደ ላይ ወጥተነዋል። ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ከሚያገለግለው ጤና ኬላ ተነስተን፣ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አድርገን፣ ሚሊዮኖች ወደሚላኩበት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደርሰናል። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በየደረጃው ከታካሚው ሳይርቅ የሚያድረው ነርስ ነው። ሐኪሙ ጠዋት ራውንድ ዞሮ፣ ትእዛዙን ቻርት ላይ ጽፎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያሉት ረጃጅም ሰዓታት የነርሱ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የት ይሠለጥናል?

የቆሎ ተማሪው ጥያቄ

ለዚህ ጥያቄ ጎጃምና ጎንደር የቆየ መልስ አላቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከቀዬው ሲወጣ ስለ ትምህርት ቤቱ ሕንፃ አይጠይቅም። ሕንፃስ የት አለና፤ ራሱ የሚቀልሳት ጎጆ ናት። እሱ የሚጠይቀው «ወንበሩ የት ነው?» ብሎ ነው። ቅኔ የሚፈልግ ወደ ዋሸራ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሚፈልግ ወደ ጎንደር፣ ድጓ የሚፈልግ ወደ ቤተልሔም ያቀናል። ወንበር ማለት መምህሩ ያለበት፣ ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሻገርበት፣ የሳተ ወዲያው የሚታረምበት ቦታ ነው። ድጓን ብቻውን ከመጽሐፍ አንብቦ መሪጌታ የሆነ ሰው አላውቅም። ምልክቱ ብራናው ላይ አለ፤ ዜማው ግን ጉሮሮ ውስጥ ነው። የሚሰማና የሚያርም ከሌለ ስህተቱም አብሮ ይሸመደዳል።

ነርስነትም የዚሁ ዘመድ ነው። መጽሐፍ አለው፤ ያውም ወፋፍራም። የሰውነት አሠራር፣ የመድኃኒት ስሌት፣ የተሕዋስያን ጠባይ ሁሉም ይጠናል፤ ይህን ሳያጠኑ በሽተኛ መንካት ድፍረት ነው። ወንበሩ ግን የተዘረጋው ከአልጋው ጎን ነው። እኔ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ፦ የነርስ ትምህርት ቤት ስትመርጡ የምትመርጡት ከየትኛው አልጋ ጎን፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆሙ ነው። ዲግሪ ይሁን ዲፕሎማ፣ የመንግሥት ይሁን የግል የሚለው ተከትሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

አርባ አራት እስትንፋስ

ጠጋ ብለን እንየው። ለዚህ መጽሐፍ ስዘዋወር አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ቆሜ ነበር። ከዘጌ የመጣች እናት የሚያስል ልጅ ታቅፋለች። ለልምምድ የወጣች ተማሪ እስትንፋሱን እንድትቆጥር ታዘዘች። ሰዓቷን አየች፤ ደረቱን አየች፤ ልጁ ደግሞ ነጩን ጋወን አየና ጩኸቱን ለቀቀው። እሷ ቆጠረች። «58!»

አስተማሪዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሲስተር ናቸው። «ያለቀሰ ልጅ አይቆጠርም» አሏት። እናቱ ጡት ሰጠችው፤ ጸጥ አለ። ተማሪዋ ልትጀምር ስትል «እየጠባም አይሆንም፤ ታገሺ» አሏት። ታገስን። ዋርዱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሌላ ሥራ ተከምሯል፤ እሳቸው ግን የቸኮሉ አይመስሉም። በመጨረሻ ልጁን እንቅልፍ ወሰደው። ተማሪዋ ሸሚዙን ቀስ ብላ ገልጣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት እሳቸው ዘንድ አይሠራም። 44። ፊቷ ፈካ።

«ደህና ነው ሲስተር፤ ከ50 በታች ነው።»

«ዕድሜው?»

«14 ወር።»

ሲስተር ዝም አሉ። ተማሪዋም ዝም አለች። ከዚያ በራሷ ጊዜ ደረሰችበት፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወር ላልሞላው ጨቅላ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ መተንፈስ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል። 44 ለስምንት ወር ሕፃን የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ለዚህ ለሚያስለው የ14 ወር ልጅ ግን የሳንባ ምች ያስጠረጥራል። ተማሪዋ ሰንጠረዡን ታውቀዋለች፤ በወረቀት ብትጠየቅ አትስትም። ከወረቀቱ ወደ ልጁ ደረት መሻገሪያው ነበር የጎደላት፤ እሱን ያገኘችው ደግሞ ሲስተር ዝም ባሉባት በዚያች አፍታ ነው። እንደኔ እንደኔ፣ የትምህርት ክፍያው የሚከፈለው ለዚህች አፍታ ነው።

በምዕራፍ ሦስት ስለ ልብ ምት፣ ሙቀት፣ ደም ግፊትና እስትንፋስ ተነጋግረናል። ዋርድ ውስጥ «ቫይታል ሳይን» የሚሏቸው እነዚህን ነው። አንዱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከቀዳሚው ጋር ሲተያይ ነው አፍ የሚያወጣው። የጣና ታንኳ ቀዛፊ በጠዋት የሚሻገረው ከሰዓት ነፋስ እንደሚነሳ ስለሚያውቅ ነው፤ ማዕበሉ ሳይደርስበት ራቅ ብሎ ውሃው ሲጠቁር ያያል። ጥሩ ነርስም ታካሚው «ባሰብኝ» እስኪል አትጠብቅም። ትናንት 84 የነበረው የልብ ምት ዛሬ ጠዋት 96፣ ቀትር ላይ 108 ሲሆን ተነስታ ሐኪም ትጠራለች። ውሃው ሲጠቁር ማየት በንግግር አይሰጥም። ብዙ ጠዋት፣ ብዙ ከሰዓት ውሃው ላይ ማሳለፍ ይጠይቃል።

ከበሽተኛው የጀመረ ትምህርት ቤት

ትምህርትን ከበሽተኛው መጀመር ለጣና ዳር ሰው አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 በወባ ወረርሽኝ ተመታ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት እገዛ ነበረበት። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ባንድ ጣራ ሥር ያሠለጥን ነበር፤ ሦስቱን በቡድን አድርጎም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ዘር የበቀለ ነው፤ ተማሪን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ መላክም እዚያ አልቀረም። የዚህ ታሪክ ቅደም ተከተል ደስ ይለኛል። ሕንፃ ተሠርቶ በሽተኛ አልተፈለገለትም። በሽተኛው ቀድሞ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ነው ተከትሎ የመጣ።

ማዕረግም ቢሆን ከአልጋው ጎን አያስቀርም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተምረዋል፤ በ1939 ጨረሱ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናቸው ተብሎ የሥልጠናው ዘመን አላጠረም።

ከሐይቁ በስተምሥራቅ ደግሞ የሊቦ ከምከም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ በወረዳው የወባ መድኃኒት የማይመልሰው ትኩሳት ገባ። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒቱን የተለማመደ ወባ ነበር። ቆይቶ ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ሰውን የሚያከሳና ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ካላዛር በመተማና በሑመራ ቆላ ይታወቅ ነበር እንጂ እዚህ ይጠበቅ አልነበረም። ነርስ በሽታውን እንድትመረምር ባይጠበቅባትም፣ «ይኼ ሰው መድኃኒቱን ጨረሰ፤ ትኩሳቱ ግን አለ፤ ሆዱም እያበጠ ነው» ማለት ያለባት ግን እሷ ናት። ይህን ለማለት ደግሞ የተለመደው ወባ ምን እንደሚመስል በብዙ ሰው ላይ አይታ መሆን አለበት።

ሁለቱ በሮች

ወደ እህቴ ልጅ ወረቀት እንመለስ። ወደ ዋርዱ የሚያስገቡት ዋና በሮች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ዲግሪ ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትኖ ቢያንስ ግማሹን ማምጣት ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ቀላል አልሆነም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደርሰዋል። በክልላችን በአማራ፣ በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ዓመት የባከነበትን ልጅ ሳስብ፣ እነዚህ ቁጥሮች ስለ ተማሪው ጉብዝና ብቻ እንደማይናገሩ ይገባኛል። ለጥቂት ላነሳቸው ሪሚዲያል የሚባል አለ፤ የማካካሻ ትምህርት ወስደው እንደገና የሚፈተኑበት መንገድ ነው። ያለፈችው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ትመደባለች፤ የመጀመሪያውን ዓመት ግን ከሌላው ጋር የጋራ ትምህርት ትማራለች፤ «ፍሬሽማን» የሚሉት ነው። ነርሲንግ የምትገባው በውጤቷ ተወዳድራ ነው። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ» እና «ነርሲንግ ደረሰኝ» ሁለት የተለያዩ የምሥራቾች ናቸው። ሁሉም ሲደመር አራት ዓመት ይፈጃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። ብዙ ልጅ ነርሲንግን የሚሞላው «ሕክምና ካልደረሰኝ» ብሎ ነው። ነርስ ግን ሐኪም ለመሆን ጀምሮ መሐል ላይ የቀረ ሰው አይደለም። ሰው ሁሉ ወንዱን ነርስ «ዶክተር»፣ ሴቷን ሐኪም «ሲስተር» ማለቱ ሙያዎቹን የት እንደምናምታታ ያሳያል። ሐኪሙ «ይህ ሰው ምን ያመዋል? ምን ይሰጠው?» ይላል። ነርሷ «ይህ ሰው አሁን እንዴት ነው? ከአንድ ሰዓት በፊት ከነበረው ምን ተለወጠ?» ትላለች። ሁለተኛው ጥያቄ ለሚማርከው ሰው ሕክምና ትምህርት ቤት የተሳሳተ በር ነው።

ሁለተኛው በር «ሌቨል» ነው፤ በቴክኒክና ሙያ መዋቅር ውስጥ ደረጃ 4 የሚያደርሰው፣ ሰው በተለምዶ ዲፕሎማ የሚለው። ከዲግሪው ያጥራል፤ የመግቢያ ነጥቡም ዝቅ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ስለሚወጣ ግን የዘንድሮውን እንጂ የአምናውን አትመኑ። ባሕር ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጅን የመሰሉ የክልሉ ኮሌጆችና የግል ኮሌጆች ያስተምሩታል። ሌቨል መግባት መውደቅ አይደለም። ከዲግሪ ምሩቋ እኩል፣ አንዳንዴም በተሻለ ፍጥነት ጉሉኮስ የምትሰካና ቁስል የምታጥብ የሌቨል ምሩቅ ጤና ጣቢያ ውስጥ አይቻለሁ። ልዩነቱ ቆይቶ ነው የሚመጣ፦ በደመወዝ እርከን፣ በኃላፊነት፣ እንደ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ወይም የሕፃናት ነርሲንግ ያለ ልዩ ዘርፍ መከተል ሲፈለግ፣ ባሕር ማዶ ሲታሰብ። የሌቨሉ በር ግን በስተውስጥ ወደ ዲግሪው ያስወጣል፤ ሠርቶ፣ ልምድ ይዞ «ፖስት ቤዚክ» መቀጠል ይቻላል። ቤተሰቧን ቶሎ ማገዝ ላለባት ልጅ ይኼኛው መንገድ ብልህነት ነው።

ማዋለድ የሚስበው ሰው ደግሞ ራሱን የቻለ የሚድዋይፈሪ ትምህርት አለ። እሱ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው።

ማስመስከር

የድጓ ተማሪ በየአገሩ ከመሪጌታው ተምሮ ሲያበቃ «በቃ አወቅሁ» አይልም። ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ያስተማረው አንድ፣ የሚመሰክርለት ሌላ ነው። መምህር የገዛ ደቀ መዝሙሩን ጉድለት ላያይ ይችላል፤ ቢያይም ሊራራለት ይችላል። ስለዚህ የማያውቀው ጆሮ ይስማው ተባለ።

በነርስነትም ምረቃ ማስመስከር አይደለም። ሌቨል የጨረሰ ሰው «ሲኦሲ» የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና በጽሑፍም በተግባርም ይወስዳል፤ እሱን ያላለፈ ሠርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ነው የሚቀር። ለዲግሪ ምሩቃን ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ላይ የመውጫ ፈተና መጥቷል። የእነዚህ ፈተናዎች ጥያቄዎች የቃላት ፍቺ የሚጠይቁ አይደሉም። «አንድ ታካሚ ከቀዶ ሕክምና በወጣ በሁለተኛው ሰዓት ደም ግፊቱ ወረደ፣ ልቡ ፈጠነ፤ በቅድሚያ ምን ታደርጋለህ?» ዓይነት ናቸው። እንዲህ ያለውን ታካሚ በዓይኑ ያየ ሰው መልሱ ቀድሞ ይመጣለታል። ሌላው ከአራት ምርጫ ይገምታል።

ስለዚህ ኮሌጅ ስታዩ «ስንት አስመረቃችሁ?» አትበሉ። ጋወንና ባርኔጣ ማስለበስ ማን ያቅተዋል? «ካስመረቃችኋቸው ስንቱ ምዘናውን አለፉ?» በሉ። ዕውቅናውንም አጣሩ፤ ዕውቅናው የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ ነው። ለሌላ ትምህርት ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ለነርሲንግ ላይኖረው ይችላል።

የዋርዱ ደጅ ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤቴን ልጅ ለማስመዝገብ አብሬ ሄጄ ነበር፤ የኮሌጁን ስም ልተወው። የተግባር ክፍሉን አሳዩን። ክንዷ ላይ መርፌ የሚወጋባት አሻንጉሊት አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ፕላስቲኳ አንድ ቦታ ላይ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። «ሆስፒታል መቼ ይወጣሉ?» አልኩ። «ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን» ተባልኩ። ከማን ጋር ነው የሚቆሙት? «እዚያ ያሉት ያሳዩዋቸዋል።» ከፈልን፤ ተማረች፤ ዛሬም ያን ክፍያ ሳስብ ይቆጨኛል። በመጀመሪያው የሥራ ወሯ ማታ ማታ እያለቀሰች ትደውል ነበር።

አሻንጉሊቷን አልንቃትም። መጀመሪያ እሷ ላይ ተለማምዶ ወደ ሰው መሄድ የታካሚን ክብር መጠበቅ ነው። ነገር ግን አሻንጉሊት አትፈራም፤ የደም ሥሯ አይሸሽም፤ «ልጄ፣ እጅሽ ቀዝቃዛ ነው» አትልም።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ትልቅ ሆስፒታል ማለት ብዙ መማር ማለት አይደለም። እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ባሉ ሆስፒታሎች የማይታይ በሽታ የለም፤ ነገር ግን የሐኪሙም፣ የነርሱም፣ የአዋላጁም ተማሪ እዚያው ነው። አንድ ምጣድ ከበው የቆሙ አሥር ሴቶችን አስቡ። አንዷ ትጋግራለች፣ ሁለቱ ያያሉ፣ ሰባቱ ጭስ ይጠጣሉ። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ አይቶ ክዳን መግጠም የሚለመደው ራስ ሲጋግሩ ነው። አንዳንዴ ወረዳ ላይ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ተማሪው ጥቂት፣ ሲኒየር ነርሷ ታጋሽ ከሆነች፣ ከትልቁ የተሻለ ወንበር ነው።

ይህን የሚነግራችሁ ሬጅስትራሩ አይደለም። ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎች በምሳ ሰዓት ከሆስፒታሉ በር ይወጣሉ፤ ጋወናቸውን ክንዳቸው ላይ ያደረጉት እነሱ ናቸው። እነሱን ጠይቁ፦ ባንድ አልጋ ስንት ሆናችሁ ትቆማላችሁ? አስተማሪያችሁ አብሯችሁ ዋርድ ይገባል ወይስ ፈርሞ ይሄዳል? የማታ ዲዩቲ ታድራላችሁ? ሎግቡካችሁ ላይ የተጻፈውን በእውነት ሠርታችኋል? ሎግቡክ ማለት ተማሪዋ የሠራችው እየተቆጠረ የሚፈረምበት ደብተር ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጠይቁ ከመልሱ ይልቅ ፊታቸውን እዩ።

ስለ ኑሮውም አልዋሻችሁም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በየከተማው ያነሱት የደመወዝ ጥያቄ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅም ብዙ ነው። ሌሊት መቆም፣ ደም፣ ሽንት፣ የሰው ሞት አለበት። ይህን ሰምቶ የሚያመነታ ሰው ቢያመነታ መልካም ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ከማመንታት ይሻላል።

የእህቴ ልጅ ወረቀቷ ላይ «በሽተኛ» የሚል አንድ ዓምድ ጨመረች። ሁለት ቀን በምሳ ሰዓት ከሆስፒታል በር ቆማ ስትጠይቅ ዋለችና ሁለት ስሞች ሰረዘች። አሁን ፍሬሽማን ናት፤ ነርሲንግ ለመግባት ነጥቧን እየጠበቀች ነው፤ ዋርድ እስክትገባ ገና ጊዜ አላት። ሰከንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ግን ከወዲሁ ገዝቼላታለሁ።